ቡና ላይ የወይራ ዘይት ይጨመር ወይስ ይቅር? የጎጃም ልጆች ክርክር

የደብረ ማርቆሱ፦ ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ባለፈው እሁድ ባሕር ዳር አንድ ካፌ ገብቼ ቡና ሳዝዝ አስተናጋጇ «የወይራ ዘይት ይግባበት?» አለችኝ። በደንብ የሰማሁ ስላልመሰለኝ አስደገምኳት። እውነት ነው፣ በማንኪያ ጨምረው ያቀርባሉ። እኔ ይሄ ነገር ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ቡና ማለት ቡናው፣ ውሃውና እሳቱ ነው። ሌላው ሁሉ ቡናውን መሸፈኛ ነው። እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ካፌዎቻችን ይልመዱት ወይስ ይቅርባቸው?

የባሕር ዳሯ፦ ይቅርባቸው ለማለት አትቸኩል ወንድሜ። የእናትህ ቡና ጨው አያውቅም? እኛ ቤት ጤና አዳም ሲኒው ውስጥ ካልተነከረ እንግዳው የተከበረ አይመስለንም። ቅቤ ጣል የሚያደርጉበትም ሞልተዋል። ጉጂዎች ደግሞ የቡናውን ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ጠብሰው ይበሉታል፣ ቡና ቀላ ይሉታል። ቅባትና ቡና በዚህ አገር ድሮም ይተዋወቃሉ።

የዳንግላው፦ ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናገር። ስታርባክስ የሚባለው የአሜሪካ የቡና ድርጅት በፈረንጆቹ የካቲት 2023 ጣሊያን ላይ «ኦሊያቶ» ብሎ ጀመረው። የዚያን ጊዜው አለቃ ሃዋርድ ሹልትስ ሲሲሊ ሄዶ ሰዎች በየቀኑ አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት ሲጠጡ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። በዓመቱ አሜሪካን አዳረሰው። ግን አልቆየም፣ በ2024 መጨረሻ ገደማ ከአሜሪካ ሱቆቹ አወጣው። ከመጀመሪያውም ሆዴን አጣደፈኝ ያሉ ጠጪዎች ነበሩ። ቡና ብቻውን አንጀት ያንቀሳቅሳል፣ ዘይትም እንደዚያው ነው፣ ሁለቱ በባዶ ሆድ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ደግሞ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። እነሱ የተዉትን እኛ ለምን እናነሳለን?

የፍኖተ ሰላሙ፦ እኔ ግን ጾሙን አሰብኩ። ሁዳዴ ሲገባ ወተትም ቅቤም ይቀራል፣ ዘይት ግን አይከለከልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ለሚውል ሰው ትንሽ ቅባት ያለው ቡና ቢያገኝ ምን ይጎዳዋል? የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው። የወይራ ዘይት እናቴ ቤት የሚገባው ቅባ ቅዱስ ሆኖ፣ ተጸልዮበት ነው። ታሞ የተኛ ይቀባዋል። እሱን ካፌ ውስጥ ከስኳር ጎን ሳየው ልቤ እሺ አይለኝም። ለሌላው ሰው ሕግ ላውጣ እያልኩ አይደለም፣ የራሴን ስሜት ነው የነገርኳችሁ።

የቡሬው፦ ዘይት ካስፈለገ ለምን ከውጭ? አገራችን የኑግ አገር ነው። ማሳው መስከረምና ጥቅምት ላይ ቢጫ ለብሶ የሚያድረው ለማን ነው? እኔ ቤቴ ቅባ ኑግ ሞክሬዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልሆነም። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ቀረ። ከንፈር ላይ ይለጠፋል፣ ሽታው ቡናውን ይውጠዋል። በኋላ እንደገባኝ ስታርባክሶቹም በደረቁ አልነበረም የሚሰጡት፣ ከአጃ ወተት ጋር በእንፋሎት አብረው ስለሚመቱት ነበር የሚዋሃድላቸው። ጥቁር የጀበና ቡና ላይ ዘይት ማፍሰስ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱን አናምታታቸው።

የዘጌው፦ የእኛ ቡና ጣና ዳር ጫካ ውስጥ፣ ጥላ ስር ነው የሚበቅለው። አባቶች ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር አያይዘው ይተርኩታል። ሲቆላ ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን የምንስበው ያንን ሽታ ብለን ነው። ዘይት የገባበትን ቡና ከየት እንደመጣ ማን ይለየዋል? ዘይት ጥሩውንም መጥፎውንም ቡና አንድ ያደርገዋል። ቡና ለቃሚው የደከመበት ደግሞ ያ ልዩነት ነው።

የባሕር ዳሯ፦ የዘጌውን ሐሳብ አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር አንርሳ። የደጋው ክርስቲያን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ቡናን ራሱን የሌላ እምነት መጠጥ ነው እያለ ይሸሸው ነበር። ዛሬ ቄሱም ቡና ጠጥተው ቤቱን ይመርቃሉ። የዚያን ጊዜ ሰዎች አንለምድም ብለው ቢቀሩ ይሄ ክርክርም ባልኖረ። ባዕድ ነው ብሎ ብቻ መከልከል አያሳምነኝም።

የሞጣዋ እናት፦ ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። ሁላችሁም ስለ ጣዕሙ ታወራላችሁ፣ ስለ ጀበናው ማንም አላነሳም። ጀበና ሸክላ ነው፣ የገባበትን ይጠጣል። ጨውም ጤና አዳምም ሲኒ ላይ ነው የሚገባው፣ የፈለገ ይጨምራል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ጀበናው ግን የሁሉም ነው። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጎረቤት ሁሉ ይጠጣዋል። እዚያ ውስጥ ዘይት የጨመረ ሰው ለሌላው ወስኖ ጨመረ ማለት ነው።

የደብረ ማርቆሱ፦ እትዬ፣ ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሽ የለ? እሱም ሸክላ ነው እኮ።

የሞጣዋ እናት፦ ይሟሻል ልጄ። ምጣዱ ግን ውሃ አይቀመጥበትም፣ በእሳት ግሎ ዘይቱ ተቃጥሎ ይገባል፣ እንጀራውም እንዳይዝ ይረዳል። ጀበና ውሃ ነው የሚውልበት። ዘይቱ አይቃጠል፣ አይታጠብ፣ ሸክላው ውስጥ ሆኖ ይከረፋል። በአንገቱ እጅ አይገባ።

የደብረ ማርቆሱ፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው ካፌ ውስጥ በብርጭቆ፣ የጠየቀ ሰው ብቻ ቢጠጣው አልከለክልም። እኔን ግን ሳልጠይቅ አይጠይቁኝ። ጀበና ላይ ደግሞ በፍጹም።

የዳንግላው፦ እኔ አሁንም አልተስማማሁም። ሆድ ሆድ ነው፣ በብርጭቆም ይሁን በሲኒ።

የባሕር ዳሯ፦ እትዬ፣ እንዲህ በእርግጠኝነት ሲናገሩ እርስዎን ደርሶብዎት ነው እንዴ?

የሞጣዋ እናት፦ ደርሶብኛል። የልጅ ልጄ ከከተማ መጥታ፣ ደስ ላሰኛቸው ብላ፣ ሳላያት ጨመረችበት። አልተቆጣኋትም። አመድ ጨምሬ አፈላሁበት፣ የቡና ገለባ አፈላሁበት፣ ፀሐይ ላይ ሰነበተ። ሽታው አልለቀቀም። የእናቴ ጀበና ስለሆነ መጣል አቃተኝ፣ መደብ ላይ ተቀምጧል። ቡናውን በሌላ ነው የማፈላው።