በስልክ የሚታይ የትምህርት ቪዲዮ፦ በማስታወቂያ ነው በክፍያ የሚያዋጣው?

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእጅ ሙያ የሚያስተምር የስልክ አፕ እየተዘጋጀ ነው፤ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ልብስ ስፌት፣ የስልክ ጥገና። በአንድ ኮርስ 20 ትምህርት፣ አንዱ ትምህርት 10 ደቂቃ ገደማ። ተማሪው ኮምፒውተር የለውም፤ ያለው ስልክ ነው፣ እሱም አብዛኛው ርካሽ አንድሮይድ። ግማሹ በዋይፋይ፣ ግማሹ በሞባይል ዳታ ያያል።

ቪዲዮ በስልክ ማየት አደገ ሲባል እንሰማለን፤ በሞባይል ኔትወርክ ላይ ከሚሄደው ዳታ ሦስት አራተኛው ገደማ ቪዲዮ ነው። ታዲያ ከዚህ ውስጥ ለትንሽ አቅራቢ የሚተርፈው ምንድን ነው? ማስታወቂያ አስገብቶ በነፃ መልቀቅ ይሻላል ወይስ በወር ማስከፈል? በምን ያህል ጥራት ቢጫን ነው የእኛም ወጪ የተማሪውም ዳታ የማይጎዳው? ከቀረጻው እስከ ተማሪው ስልክ ድረስ የት የት ላይ እንደሚበላሽ የሚያውቅ ካለ በዝርዝር ይጻፍልን።

ሒሳብ_ሹም፦
ሦስት አራተኛውን እርሱት። ያ ቁጥር የሚለካው የቴሌኮሞቹን ሸክም ነው። እናንተ አንድ መለኪያ ያዙ፦ ተማሪው አንድ ሰዓት ሲያይ ስንት ወጣ፣ ስንት ገባ።

መጀመሪያ ወጪው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይሆናል (ለ8 አካፍሉ፣ በ3600 ሰከንድ አባዙ)። ይህን በቃላችሁ ያዙት፣ ሌላው ሁሉ ከሱ ይወጣል። አማካይ ፍሰታችሁ 0.8 ሜጋቢት ከሆነ በሰዓት 360 ሜጋባይት ነው። ቪዲዮውን ወደ ተማሪው ስልክ የሚያደርስላችሁ የሰርቨር አገልግሎት (ሲዲኤን) ለአንድ ጊጋባይት 4 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል እንበል፤ የአንድ ሰዓት እይታ 1.44 ሳንቲም ወሰደ ማለት ነው። በ2.5 ሜጋቢት ብትለቁት 4.5 ሳንቲም፣ በ5 ሜጋቢት 9 ሳንቲም። የጥራት ምርጫ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል እንጂ የዋጋ ጉዳይ ነው።

አሁን የማስታወቂያ ገቢ። በአንድ ሰዓት 6 ትምህርት ታየ፣ በእያንዳንዱ መጀመሪያ ላይ አንድ ማስታወቂያ ቦታ አለ። ከ6ቱ ቦታዎች የሚሞላው 60 በመቶው ነው ብንል 3.6 ማስታወቂያ ታየ። ለሺህ እይታ 2 ዶላር ቢከፈላችሁ የሰዓቱ ገቢ 0.72 ሳንቲም ነው። ወጪው 1.44፣ ገቢው 0.72። ተመልካች በበዛ ቁጥር ኪሳራው አብሮ ይበዛል። ቪዲዮውን ወደ 0.4 ሜጋቢት ብታወርዱት እንኳ ልክ እኩል ለእኩል ትወጣላችሁ፤ ለአስተማሪና ለቀረጻ የሚተርፍ የለም። የራሳችሁን ዋጋዎች አስገብታችሁ አስሉት፤ ሁለቱ ቁጥሮች ካልተራራቁ በማስታወቂያ አትጀምሩ።

ስለዚህ ነፃውን ክፍል የማድረሻውን ወጪ ራሳቸው በሚሸከሙት ትልልቅ መድረኮች ላይ ልቀቁት። ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶ፣ ከሾርትስ (ከአጫጭር ቪዲዮዎቹ) ድርሻ ደግሞ 45 በመቶ ለባለቻናሉ ይሰጣል፤ ግን ከማስታወቂያ ለመካፈል 1000 ተከታይ፣ በዚያ ላይ በ12 ወር 4000 የእይታ ሰዓት ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ ይጠይቃል። እንደ ገቢ ምንጭ አትቁጠሩት፤ የሱቅ መስኮት ነው።

ወርሃዊ ክፍያን በተመለከተ፦ 3 ዶላር ብታስከፍሉ የአፕ መደብሩ እንደ አገሩና እንደ ውሉ እስከ 30 በመቶ ይወስዳል። 15 ቢሆን 2.55 ይቀራል። ተማሪው በወር 8 ሰዓት ቢያይ የማድረሻ ወጪው 11.5 ሳንቲም ብቻ ነው፤ እዚህ ጋ ቪዲዮው ችግር መሆኑ ቀረ። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። የእናንተ ኮርስ 20 ጊዜ 10 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ነው። ጎበዝ ተማሪ በሁለት ሳምንት ይጨርስና ክፍያውን ያቆማል። ባይሆን እንኳ በየወሩ ከአምስት አንዱ የሚለቅ ከሆነ አንድ ተማሪ በአማካይ 5 ወር ነው የሚቆየው፤ ከሱ የሚገኘው በጠቅላላ ከ12 ዶላር ብዙም አይበልጥም። አንድ ተማሪ ለማምጣት የምታወጡት ከዚያ በታች መሆን አለበት።

የእኔ ምክር፦ ኮርሱን በአንድ ጊዜ ክፍያ ሽጡት። በ6 ዶላር ብትሸጡት ከመደብሩ ድርሻ በኋላ 5.10 ይቀራል፤ ተማሪው ኮርሱን ሁለቴ ደግሞ ቢያየው 10 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ኮርሶቹ አምስት ስድስት ሲደርሱ ወርሃዊ ክፍያን ጨምሩ።

በነገራችን ላይ በስልክ ለሚታይ አጭር ቪዲዮ ብቻ ሰው በወር ይከፍላል ብሎ የገባው ኩዊቢ 1.75 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቦ በ2020 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ ተከፍቶ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ። ከነፃው የአጭር ቪዲዮ ጎርፍ ጋር በጊዜ ማሳለፊያ መወዳደር ከባድ ነው። ሙያ ግን ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ ሰው የሚከፍለው በመጨረሻ ለሚሠራው ነገር ነው።

ቧንቧ፦
ሒሳብ ሹም ያለው ይሁን፤ እኔ ስለ ፍሰቱ። ለእናንተ ዓይነት ቪዲዮ (እጅ፣ መሣሪያ፣ ትንሽ እንቅስቃሴ) አራት የጥራት ደረጃ ይበቃል («ፒ» የስዕሉ ቁመት በነጥብ ነው፣ ኪሎቢቱ በሰከንድ የሚፈሰው)፦ 240ፒ በ200 ኪሎቢት፣ 360ፒ በ400፣ 480ፒ በ800፣ 720ፒ በ1600። ድምፁ ኤኤሲ በሚባለው የድምፅ መጭመቂያ በ64 ኪሎቢት ይሁን። ድምፁን ጨምሮ 10 ደቂቃው በ360ፒ 35 ሜጋባይት፣ በ480ፒ 65፣ በ720ፒ 125 ይሆናል። እነዚህን ቁጥሮች አፑ ላይ ከጥራት ምርጫው ጎን ጻፏቸው። ለተማሪው «720ፒ» ምንም አይነግረውም፤ «125 ሜጋባይት» ግን ገንዘብ ነው። 1080ፒ አያስፈልግም፤ በስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ልዩነቱን የሚያይ ጥቂት ነው።

አምስተኛ ደረጃ ድምፅ ብቻ አድርጉ። ኔትወርኩ ሲወድቅ ስዕሉ ቢቆምም የአስተማሪው ድምፅ ይቀጥላል፤ ሰው ስዕል ሲደበዝዝ ይታገሳል፣ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ይዘጋዋል።

ኮዴኩ (ቪዲዮው የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ዘዴ) ኤች.264 ይሁን። ከሱ አዲስ የሆነው ኤችኢቪሲ ለተመሳሳይ ጥራት ከግማሹ ብዙም ያልራቀ ቢትሬት (በሰከንድ የሚፈስ መጠን) ይፈልጋል፣ ኤቪ1 ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ነገር ግን ኤቪ1ን የሚፈታ ቺፕ አይፎን ላይ እንኳ የገባው በ2023 እ.ኤ.አ. በ15 ፕሮ ነው። ቺፑ የሌለው ስልክ በሶፍትዌር ሲፈታው ይግላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ፍሬም ይጥላል (ስዕሉ ይቆራረጣል)።

አቀራረቡ በኤችኤልኤስ (ቪዲዮውን በትንንሽ ቁራጭ የሚልክ ዘዴ)፦ ቪዲዮው በየ6 ሰከንዱ ይቆረጥ፣ ኪፍሬም (ሌላ ፍሬም ሳይጠብቅ ብቻውን የሚፈታ ሙሉ ስዕል) በየ2 ሰከንዱ ይግባ፣ በሁሉም ደረጃ ላይ ኪፍሬሞቹ በአንድ ቅጽበት ይዋሉ። ይኼ የመጨረሻው ነው ብዙዎች የሚስቱት። ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ፕሮግራም) ትዕይንት በተቀየረ ቁጥር በራሱ ኪፍሬም እንዲያስገባ ከተተወ ደረጃዎቹ ይዛነፋሉ፤ ያኔ ተጫዋቹ ከ480 ወደ 360 ሲወርድ ስዕሉ ይዘላል ወይም ይቆማል። የትዕይንት ለውጥ ፍለጋውን ዝጉት፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ በየ50ው፣ 30 ከሆነ በየ60ው ፍሬም ላይ ኪፍሬም እንዲገባ እዘዙት።

ለአጀማመር ፍጥነት ቸልተኛ አትሁኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. በአካማይ (ትልቅ የሲዲኤን ኩባንያ) ኔትወርክ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት ተመልካች ከ2 ሰከንድ በኋላ መልቀቅ እንደሚጀምር፣ ከዚያ በኋላ ለሚጨመረው እያንዳንዱ ሰከንድ ደግሞ የሚለቀው 5.8 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከ360ፒ ጀምሩ፤ ኔትወርኩ ከቻለ ከአንድ ሁለት ቁራጭ በኋላ ራሱ ይወጣል።

ሌላ ገንዘብ የሚያፈስ ቀዳዳ፦ የአንድሮይዱ ኤክሶፕሌየር (አፑ ውስጥ ቪዲዮውን የሚያጫውተው ክፍል) ቅንብሩን ካልነካችሁት ወደፊት እስከ 50 ሰከንድ ድረስ ያጠራቅማል። ተማሪው 10 ሰከንድ አይቶ ቢወጣ የቀረውን እሱም እናንተም ከፍላችሁበታል። ለዋይፋይ ይሁን፤ በሞባይል ዳታ ላይ ግን 20 ሰከንድ አካባቢ ይበቃል።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
በጣም እናመሰግናለን። ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ። ዋይፋይ ሲያገኙ አውርደው በኋላ እንዲያዩ ማድረግ አለብን? ያን ካደረግን ቪዲዮው ተቀድቶ በየቴሌግራም ቻናሉ አይሰራጭም?

ቧንቧ፦
ማውረድ ግዴታ ነው። በእናንተ ተመልካች ላይ ከሁሉም በላይ የሚሸጥ ነገር እሱ ነው።

ለማውረጃ 480ፒውን ብቻ፣ በአንድ ኤምፒ4 ፋይል አቅርቡ። ፋይሉ «ፋስትስታርት» (ማውጫው መጀመሪያ ላይ ያለ) መሆኑን አረጋግጡ፤ የኤምፒ4 ማውጫው (ሙቭ የሚባለው ክፍል) ኤፍኤፍኤምፔግ (ቪዲዮ የሚቀይረው ፕሮግራም) ካልታዘዘ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ከፋይሉ እየወረደ ሊጫወት የሚሞክር ስልክ መጨረሻው እስኪደርስ ይጠብቃል።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፦ ሰርቨሩ የሚሰጠው የተፈረመ ሊንክ (ለተፈቀደለት ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሠራ አድራሻ) ብዙ ጊዜ በ1 ሰዓት ያልቃል። በ0.3 ሜጋቢት ኔትወርክ አንድ የ65 ሜጋባይት ትምህርት 29 ደቂቃ ይወስዳል፤ ሙሉ ኮርሱ 1.3 ጊጋባይት ስለሆነ ወደ 10 ሰዓት ይጠጋል። አፑ የ20ውን ሊንክ በአንዴ ጠይቆ ከተሰለፈ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ትምህርት ላይ ሰርቨሩ 403 (አልተፈቀደም) ይመልሳል፣ ተማሪው ግን የሚያየው «ማውረድ አልተቻለም» የሚል ብቻ ነው። መፍትሔው፦ ሊንኩ እያንዳንዱ ትምህርት ሊጀመር ሲል ይጠየቅ፤ ከተቋረጠ አዲስ ሊንክ ይወሰድና ከቆመበት ባይት ይቀጥል። ከመጀመሩ በፊትም ባዶ ቦታ መኖሩን ይፈትሽ፤ ርካሽ ስልክ ላይ ቦታ ሁሌም ሙሉ ነው።

ስለ መቀዳት፦ ሙሉ በሙሉ የሚያግድ ነገር የለም፤ ሌላ ስልክ ደቅኖ መቅረጽ ይቻላል። የሚበቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ፋይሉ በአፑ የግል ማኅደር ውስጥ ተመስጥሮ ይቀመጥ። አንድሮይድ ላይ የስክሪን ቀረጻ የሚከለክለውን «ፍላግ ሴኪዩር» አብሩ። የገዢው መለያ ቁጥር ደብዘዝ ብሎ ቦታ እየቀያየረ ስክሪኑ ላይ ይታይ፤ ከሁሉም የሚሠራው ይኼኛው ነው፣ የወጣው ቅጂ ማን እንዳወጣው ያጋልጣል። ዋይድቫይን ዓይነት ዲአርኤም (ቅጂ የሚከላከል የመቆለፊያ ሥርዓት) ለፊልም ባለቤቶች ነው፤ ርካሽ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ ኤል3 የሚባለው ደካማ ደረጃ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ልፋቱ አይመጥንም።

ሌንስ፦
ስለ ቀረጻው ማንም አልጻፈም፣ ስለዚህ እኔ ልጨምር። በስልክ መቅረጽ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፤ የሚያስቸግረው ስልኩ በራሱ የሚወስናቸው ነገሮች ናቸው።

እጅ ለማሳየት ስልኩን ከላይ ወደ ታች ስትሰቅሉት የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ ይጠፋውና ቪዲዮው ተዘቅዝቆ ይወጣል። ስልኩን ቀና አድርጋችሁ ቀረጻውን ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አዘንብሉት፤ አቅጣጫው ሲጀመር የተያዘው ነው። ትኩረቱንና ብርሃኑን ስክሪኑን ተጭናችሁ ቆልፉት፣ አለዚያ እጅ በገባ በወጣ ቁጥር ይደበዝዛል።

ስልክ የሚቀርጸው በተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ነው (በሰከንድ የሚይዘው ስዕል ቁጥር ይለዋወጣል)። 10 ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ድምፅና ከንፈር ሲለያይ ያያችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኼ ነው። ከማቀናበር በፊት ወደ ቋሚ 25 ወይም 30 ፍሬም ቀይሩት። መብራቱ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ ሹተሩን (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉ፣ ያለበለዚያ ስዕሉ ላይ ጥላ መሰል መስመር ይመላለሳል። ኤችዲአርን (ሰፊ የብርሃንና የቀለም ቀረጻን) አጥፉት፤ አንዳንድ አይፎን ክፍት ሆኖ ስለሚመጣ ቀለሙ ሌላ ስልክ ላይ ነጥቶ ይታያል።

ማይኩ ከአፍ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ይራቅ፣ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡት፤ የስልክ ስፒከር አያሰማውም፣ ቦታ ብቻ ይይዛል።

በስክሪኑ ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ በ360ፒ ተጭኖ ሳይጠፋ መነበብ አለበት፤ የፊደሉ ቁመት ከፍሬሙ ቁመት አንድ ሃያኛ በታች አይሁን። የእኛ ፊደል ላይ ይህ ይብሳል፦ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ያቺ ትንሽ ቅጥያ ናት፣ ጭመቃው መጀመሪያ የሚበላውም እሷን ነው።

ኮርሱን አግድም ቅረጹ። ለማስተዋወቂያ የሚሆን ቀጥ ያለ ቁራጭ ከፈለጋችሁ በ4ኬ (3840 በ2160 ነጥብ) አግድም ቀርጻችሁ መሐሉን ቁረጡ፤ 1215 በ2160 ይወጣል፣ ለሚፈለገው 1080 በ1920 ከበቂ በላይ ነው። በዚያ ላይ ጽሑፍ ስታስገቡ ከታች አንድ አምስተኛውንና የቀኝ ጠርዙን ተዉት፤ የመድረኩ ቁልፎች ይሸፍኑታል።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ገባን። አንድ ኮርስ በአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ሁለት ትምህርት በነፃ። ከመልቀቃችን በፊት በምን እንፈትነው?

ቧንቧ፦
አንድ ትምህርት ብቻ በአራቱም ደረጃ አዘጋጁ፣ 2 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ አንድሮይድ ላይ ጫኑት። ፍጥነቱን በራውተር ወደ 500 ኪሎቢት፣ መዘግየቱን ወደ 300 ሚሊሰከንድ ገድቡ። በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልጀመረ የመጀመሪያ ደረጃችሁን ወደ 240ፒ አውርዱ። ከዚያ ማውረጃውን አስጀምሩና መሐል ላይ ዋይፋዩን አጥፉት፣ ከ2 ሰዓት በኋላ መልሱት። ከዜሮ ከጀመረ አትልቀቁት።