እናቴ ደረጃ ስትወርድ ትንገዳገዳለች፤ የሆድና የወገብ ጡንቻ ማጠንከር ይረዳታል?

ጥያቄ (የሰሚቷ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን እየዳበሰች ነው። ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኮብልስቶኑ አደናቀፋት። ልትወድቅ ስትል አንዲት ልጅ ደርሳ ያዘቻት። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን መውጣት ፈርታለች፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ይሄው ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ስኳር የለባትም። ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል። ጂም የምትሠራ ጓደኛዬ «ኮሯን ታጠንክር፤ ሚዛን የሚጠበቀው በሆድና በወገብ ነው» አለችኝ። እውነት ነው? በዚህ ዕድሜስ ምን ትሥራ?

መልስ (ብርቱ ሰው)፦
ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) አሠሪያት። እኔ በ30 ሰከንድ ጀምሬ አሁን 3 ደቂቃ እይዛለሁ፤ ወገቤ ብረት ሆኗል። በቀን 50 ሲት አፕም (በጀርባ ተኝቶ ከወገብ በላይ ብድግ ማለት) ጨምሪበት።

መልስ (ፊዚዮ ከጎንደር)፦
ብርቱ ሰው፣ በቅንነት እንደመከርክ ይገባኛል። ግን በዚህ ዕድሜ ላሉ እናት ሲት አፕ አላዝም። ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ የሴቶች አጥንት ሊሳሳ ይችላል። የሳሳ አከርካሪ ደግሞ ደጋግሞ ወደ ፊት ሲታጠፍ ሊሰበር ይችላል። ረጅም ፕላንክ ላይም ብዙ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፤ ያኔ ግፊት ይጨምራል።

የሰሚቷ፣ ጓደኛሽ ግማሹን ልክ ናት፤ ሚዛን የሚጠበቀው በሆድና በወገብ ብቻ አይደለም። ዓይን ያያል፣ የውስጥ ጆሮ የጭንቅላትን እንቅስቃሴ ይከታተላል፣ የእግር መዳፍና ቁርጭምጭሚት መሬቱ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ። አንጎል ይህን ሁሉ ሰብስቦ ጡንቻን ያዛል። የሆድና የወገብ ጥንካሬ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲደናቀፍ የላይኛው አካሉ ወደ ፊት ይወረወራል። ሆድ፣ ወገብና ዳሌ ቶሎ ካልያዙት እግር ብቻውን አይመልሰውም። ደረጃ ሲወረድም በየእርከኑ ለአፍታ በአንድ እግር ይቆማል። ያን ጊዜ ዳሌን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በመቀመጫ ጎን ያለው ጡንቻ ነው። እሱ ከደከመ ሰውነት ያዘነብላል። እናትሽ ግድግዳ የሚዳብሱት ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

በዚህ ጀምሩ። ወለል ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፈሽ በጀርባቸው ይተኙ። ጉልበታቸውን አጥፈው መቀመጫቸውን ቀስ ብለው ያንሱ፤ 5 ቆጥረው ያውርዱ። 8 ጊዜ ይበቃል። ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አይዝም። ከዚያ እንደተኙ ሆዳቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን በየተራ ከወለሉ ትንሽ ያንሱ። ወገባቸው ከወለሉ ከተነሳ እግሩ ከመጠን በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ግድግዳ ያስደገፍሽው ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠው በእጅ ሳይደገፉ መነሳትና ቀስ ብለው መቀመጥ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ቁጭ የሚሉበት ፍጥነት ብቻ ብዙ ይነግርሻል። በመጨረሻ የወጥ ቤቱን ሲንክ ይዘው በአንድ እግር 10 ሰከንድ ይቁሙ። አንቺ አጠገባቸው ሁኚ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመክራል። እናንተም በ3 ቀን ጀምሩ።

መልስ (ጡረተኛው)፦
ልጄ፣ ከስፖርቱ በፊት ግፊቷን አስለኪ። እኔ 71 ዓመቴ ነው። አምና ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ላይ ጨለም ይልብኝ ነበር። እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ። ኋላ ሐኪሙ ተኝቼም ቆሜም ለካኝ። ስቆም ግፊቴ በጣም ይወርድ ነበር። መድኃኒቱን ሲያስተካክልልኝ ማዞሩ ቀረ። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ ስውል ይብስብኝ ነበር፤ እሱንም ለሐኪሙ ነገርኩት። አደራ፣ መድኃኒቷን በራስሽ እንዳታስቆሚያት።

መልስ (ማሂ)፦
ነጠላ ጫማ አድርጋ ደረጃ አትውረድ። ተረከዙ የተያዘ ጫማ ግዢላት። የሚንሸራተት ምንጣፍ ካለ አንሺው። የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ ከሆነ ጎረቤት እስኪቀይር አትጠብቂ።

የሰሚቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጡረተኛው አባቴ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ እናቴ ደግሞ ስግደት አታቆምም። ይጎዳት ይሆን?

መልስ (ፊዚዮ ከጎንደር)፦
ስግደት ከቆሙበት መሬት ደርሶ መነሳት ነው፤ ከባድ የእግርና የወገብ ሥራ ነው። ለዓመታት የሰገዱ እናቶች ከእኩዮቻቸው ጠንክረው አይቻለሁ። ችግሩ ጉልበታቸውና በፍጥነት ሲነሱ የሚመጣው ማዞር ነው። አሁን ወንበር ይዘው በጥቂቱ ይስገዱ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ቆም ብለው ይተንፍሱ። ጉልበታቸው ካበጠ ማጎንበስ ይበቃቸው እንደሆነ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ።

የሰሚቷ (ከ7 ሳምንት በኋላ)፦
የመጣሁት ላመሰግናችሁ ነው። ግፊቷ ተኝታም ቆማም ተለካ፤ ደህና ነው፤ መድኃኒቷ አልተቀየረም። መጀመሪያ ሰሞን መቀመጫዋን 3 ጊዜ አንስታ ይደክማት ነበር። አሁን 10 ትሠራለች፤ ቁጥሩንም የምትቆጥረው «አቤቱ ይቅር በለን» እያለች ነው። ከወንበር በእጇ ሳትደገፍ ትነሳለች። በግራ እግሯ 10 ሰከንድ ትቆማለች፤ በቀኙ ግን ከ4 አላለፈችም። ደረጃውን አሁንም መደገፊያ ይዛ ነው የምትወርደው፤ ግድግዳ መዳበሱ ግን ቀርቷል። እሁድ ከጎረቤቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መጣች። የቀኙን እግር ለብቻው ላሠራት?

መልስ (ፊዚዮ ከጎንደር)፦
ደስ ይላል! ሁለቱንም ያሥሯቸው፤ ቀኙን አንድ ዙር ጨምሩለት። ሲንኩን በሁለት እጅ ይዘው ከነበር አሁን በአንድ እጅ ይያዙ፤ ቀጥሎ በሁለት ጣት። ቀኙ 8 ሰከንድ ሲደርስ ተረከዝን ከጣት እያስጠጉ በመተላለፊያው ግድግዳ አጠገብ መራመድ ጀምሩ። የደረጃውን መደገፊያ ግን አያስለቅቋቸው።