አዲስ የገባ አባል ለ7 ቀናት ዝም ይበል?

አወያዩ፦ የፕሮግራሚንግ ጀማሪዎች በሚጠያየቁበት በዚህ የቴሌግራም ቡድናችን፣ አዲስ አባል ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት እያነበበ እንዲቆይና ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። «ፓይተንን እንዴት ልጫን?» የሚለው ጥያቄ በየዕለቱ ስለሚመላለስ መልስ የሚሰጡን ጥቂት ሰዎች እየተሰላቹ ነው፤ እነሱ ከሄዱ ደግሞ ለነባሩም ለአዲሱም የሚተርፍ ነገር አይኖርም። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎውም ቢሆን 50 ነጥብ ያላገኘ ሰው በሌሎች ጽሑፍ ሥር አስተያየት እንዲሰጥ አይፈቅድም።

ተቃዋሚ፦ ምሳሌዎ ለእኛ ወገን የሚመሰክር ይመስለኛል። በዚያ ድረ ገጽ ነጥብ የሚጠየቀው አስተያየት ለመስጠት እንጂ ጥያቄ ለማቅረብ አይደለም። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው ይኸው ድረ ገጽ፣ ከ10 ዓመት በኋላ በኤፕሪል 2018 በተለይ ለጀማሪዎችና ለሴቶች መልካም አቀባበል እንደማያደርግ ራሱ በይፋ አምኖ፣ በዚያው ዓመት የሥነ ምግባር ደንቡን ከመለወጡም ሌላ ከጠያቂው ስም አጠገብ አዲስ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት እንዲወጣ አድርጓል። ኮዱ ዛሬ ማታ አልሠራ ያለው ሰው 7 ቀን የሚጠብቀው ለምንድን ነው?

አንዲት አባል፦ በቀኑ ቁጥር ከምንከራከር አነጋገራችንን ብናየው ይሻላል። አማርኛ አንድን ሰው አንቱ ካላሉት በቀር «አንተ» ወይም «አንቺ» ብሎ መለየት ግድ ስለሚለው፣ በቅጽል ስም የገባ ሁሉ እዚህ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፈልግ» ይባላል። እኔም ለመጀመሪያ ጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነበር፤ ምክሩ ትክክል ቢሆንም ቤቱ ለማን እንደተሠራ ስለነገረኝ ለሁለት ወር ያህል ምንም አልጻፍኩም። ማንነቱ ያልታወቀን ሰው «እርስዎ» ማለት ምን ይከብዳል?

ሌላ አባል፦ ለመሆኑ «ፈልግ» የምንለው ሰው ምን እንደሚታየው የሞከረ አለ? ባለፈው ሳምንት በሌላ ስልክ ቁጥር ገብቼ አይቼዋለሁ። የቀድሞ መልእክቶች ለአዲስ አባላት እንዳይታዩ ተደርጎ ስለተስተካከለ፣ የሦስት ዓመት ጥያቄና መልስ ተሰውሮ የጠበቀኝ ባዶ ገጽ ነው። አዲሱ ሰው 7 ቀን ዝም ቢልም የሚያነበው የእነዚያን 7 ቀናት ወሬ ብቻ ነው።

አወያዩ፦ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። እንዳይታይ ያደረግሁት አባላት የሚለዋወጡትን ስልክ ቁጥር ያልታወቀ ሰው እንዳይሰበስብ ብዬ ነው፤ ቁጥሮቹን አጥፍቼ ዛሬ ማታ እከፍተዋለሁ፣ የ7 ቀኑንም ሐሳብ ትቼዋለሁ። ይሁንና የተደጋገመ ጥያቄ ሲመጣ ጠያቂውን ወደ ቀደመው መልስ በሊንክ የሚመራ ተረኛ ያስፈልገናል። ቅዳሜና እሑድን እኔ እይዛለሁ። «እርስዎ» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ የ17 ዓመት ተማሪን አንቱ ስንለው የቀለድንበት ይመስለዋል። «እናንተ» ቢባልስ?

አንዲት አባል፦ «እናንተ» ይስማማኛል። ማክሰኞና ሐሙስ የእኔ ይሁኑ።