«ብርሃን አይበዛም» ተብሎ ይታለፍ? የእድራችን የቁልፍ ማንጠልጠያ ባትሪ ጉዳይ

ጥልፍ ሠሪዋ ከአራዳ፦
ትናንት እዚህ ጎንደር በእድራችን ስብሰባ ለእያንዳንዱ አባል አንድ የቁልፍ ማንጠልጠያ ባትሪ ይገዛ ተብሎ ሲወሰን ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ በዳሰሳ የምንፈልግ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ጎረቤት የምንጠራ ሰዎች ነን። ከዚያ ዕቃ ግዢያችን ተነሡና፣ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነውና፣ «የ1000 ሉመኑ ይገዛ፤ ከዚያ በታች ያለው መጫወቻ ነው፤ ብርሃን አይበዛም» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ሌሊቱን በቁጭት ስገላበጥ አደርሁ። ይህ ባትሪ የሚያዘው ለቅርብ ሥራ ነው። ከዓይኔ ሁለት ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ በዘረጋሁት ነጭ ሸማ ላይ 1000 ሉመን ብለቅቅበት መርፌውም ክሩም ይጠፉብኛል። ትንሹ ብርሃኑ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

የእድሩ ዕቃ ግዢ፦
እኅቴ፣ ያልሁትን አልሸሽም። ብርሃን አይበዛም። ከለቅሶ ቤት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ስንመለስ ክዳኑ የተነሣ የጎርፍ ቦይ አለ፣ ውሻ አለ፣ ከከተማው ዳር ደግሞ ጅብ አለ። ያን ጊዜ መርፌ የሚያሳይ ባትሪ ምን ያደርግልናል? ጉልበተኛውን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ደካማውን ከፍ ማድረግ ግን አይቻልም። የአባላቱን ገንዘብ አንድ ጊዜ በሚረባ ዕቃ ላይ ማዋል አለብኝ።

ሰዓት ጠጋኙ ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ ክርክሩ ያለው «ዝቅ ማድረግ ይቻላል» ባሉት ላይ ነው። እስከ ስንት ዝቅ ይላል? በእጄ ያለፉት ጉልበተኛ ባትሪዎች ሲከፈቱ የሚጀምሩት በትልቁ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ ተጭነናቸው ዝቅ እስኪሉ ድረስ ዓይን ደንግዟል። ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ከተደናበረ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። የርቀቱም ሂሳብ አለ። ባትሪውን ከ1 ሜትር ወደ 25 ሴንቲሜትር ስናስጠጋው በዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን 16 እጥፍ ይሆናል። የሰዓት ብሎን ለማየት 1 ወይም 2 ሉመን ይበቃኛል። ለደረጃና ለበር ደግሞ 45 ሉመን አልጎደለብኝም። በቁልፌ ላይ ያለው ትልቁ 45፣ ትንሹ 1 ነው፤ ይህን መጫወቻ የሚል ሰው ሥራዬን አያውቅም።

የማራኪ ተማሪ፦
ሁላችንም ስልክ አለን። ስልክ መብራት አለው። እድሩ ገንዘቡን ለድንኳን ቢያውለው አይሻልም?

ጥልፍ ሠሪዋ ከአራዳ፦
ወንድሜ፣ ስልክህን በምን እጅህ ትይዘዋለህ? እኔ አንዱ እጄ መርፌ፣ ሌላው እጄ ጨርቁን ይዟል። የቁልፍ ባትሪዬን በሻሼ እጥፋት ውስጥ እሰካዋለሁ፣ ወይም በጥርሴ እይዘዋለሁ። ስልክ በጥርስ ይያዛል?

መሪጌታ ከአዘዞ፦
ዕቃ ግዢው «ብርሃን አይበዛም» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። ሳውልን በደማስቆ መንገድ ላይ ሦስት ቀን ዓይኑን ያሳጣው ብርሃን ነው። ማኅሌት ላይ ቆመን ከድጓው ፊደል በላይ የተጻፉትን ረቂቅ ምልክቶች ስንመለከት፣ አንድ ደቀ መዝሙር ልርዳችሁ ብሎ ጉልበተኛ ባትሪ ቢያበራብን ብራናው እንደ መስተዋት አንጸባረቀ፤ ምልክቱ ጭራሽ ጠፋ። ልጁን አልተቆጣሁትም። ባትሪውን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንሁት፤ በነጠላው ውስጥ ያለፈችው ብርሃን በቃችን።

የእድሩ ዕቃ ግዢ፦
መሪጌታ፣ እኔ ስለ ጅብ ስናገር እርስዎ ስለ ሳውል ይመልሱልኛል። ያ ሰማያዊ ነው፤ የእኔ በገበያ የሚሸጥ ነው።

የአባ ጃሌ ተክለ ሃይማኖት ምእመን፦
መሪጌታን አከብራለሁ፤ ግን ባትሪ ማኅሌት ውስጥ ምን ያደርጋል? አባቶቻችን በጧፍ አድረዋል። ጧፍ አያሳውርም፣ ቀለም አያበላሽም፣ ድንጋይ አይፈልግም።

መሪጌታ ከአዘዞ፦
ጧፍንማ አልነቅፍም፣ ያደግሁበት ነው። ነገር ግን የሰም ጠብታ ያረፈበትን ብራና አይተህ ታውቃለህ? ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከጀርባው ያለውም ገጽ ይጠቁራል። በጥፍር ብትፍቀው ፊደሉ አብሮ ይነሣል። እኔ አንድ ቅጠል እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአባ ጃሌ ተክለ ሃይማኖት ምእመን፦
የጥንቃቄ ጉድለት ነው እንጂ የጧፉ ጥፋት አይደለም።

የሌሊት ነርስ፦
እባካችሁ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ከሉመን በላይ የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ቀለም ነው። የሕፃን ዓይንና ቆዳ ቢጫ መሆን አለመሆኑን ማየት የዘወትር ሥራዬ ነው፤ ርካሹ ሰማያዊ የሚያበዛ ባትሪ ሁሉንም ያገረጣዋል፣ እንደ ኩራዝ የሚቀላው ደግሞ ጤነኛውን ልጅ ቢጫ ያስመስለዋል። ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። በብዙ የቁልፍ ባትሪዎች ውስጥ ያለው እንደ ሳንቲም ያለ ክብ ድንጋይ ነው። ሕፃን ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላል። እድሩ ለየቤቱ ሊያድል ነው፤ በየቤቱም ልጅ አለ። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ከሆነ እኔ በበኩሌ አልቀበልም።

ጥልፍ ሠሪዋ ከአራዳ፦
እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ቀለሙን አነሣሽልኝ። ለአንዲት ሙሽራ የቀሚስ ጥልፍ ስሠራ መብራት ሄደ። በያኔው ባትሪዬ ደማቅ ቀይ የመሰለኝን ክር መርጬ ቀጠልሁ። ሲነጋ ሳየው ከመስቀሉ አራት ክንፎች አንዱ ቡናማ ነው። ቁጭ ብዬ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ፈታሁት፤ የጨርቁ ቀዳዳዎች ግን ባጥበውም አልደፈን አሉኝ። ሙሽራዋ ምንም አላለችም። እኔ ግን ሠርጉ ላይ ዓይኔ ከዚያ ክንፍ አልነቀል አለኝ።

የማራኪ ተማሪ፦
ስለ ስልኩ ያልሁትን አልተውሁም፤ ስለ ቀለሙ ግን ምክንያቱን ልናገር። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ ያለው ትንሽ አምፖል፣ ኤል ኢ ዲ የሚሉት፣ ብርሃኑ ነጭ ቢመስልም መነሻው ሰማያዊ ነው፤ የ2014ቱ የኖቤል ሽልማት በፊዚክስ የተሰጠው ይህን ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ለፈጠሩ ሦስት ሳይንቲስቶች ነው። በላዩ ቢጫ የሚያበራ ቅባት ሲደረግበት ለዓይን ነጭ ይሆናል። በርካሹ ላይ ደማቁ ቀይ ይጎድላል፤ እትዬ ቀዩንና ቡናማውን ክር ያልለዩት ለዚህ ነው። የቀለም ትክክለኛነት የሚለካበት ቁጥር አለ፣ ጣሪያው 100 ነው። ማሸጊያው ላይ ከ90 በላይ ተጽፎ ካልተገኘ ለክርም ለሕፃን ዓይንም አይታመንም።

የእድሩ ዕቃ ግዢ፦
ልጄ፣ ይህ ቁጥር የተጻፈበት ማሸጊያ ቅዳሜ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅም። እኔ የምገዛው ያለውን ነው። ደግሞ ያየሁት 1000 ሉመኑ በቻርጅ የሚሞላ ነው፤ የድንጋይ ወጪ ይቀርልናል።

ሰዓት ጠጋኙ ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ እንዲያገለግል የምንገዛውን ዕቃ በመብራት እንሙላው? ሁለት ቀን ቢጠፋ በምን እናበራለን? ቀጭኑ ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ በየሱቁ አለ፤ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ልጅም በቀላሉ አይውጠውም። በትንሹ ብርሃን አንዱ ድንጋይ ብዙ ሌሊት ይዞ ይዘልቃል።

የእድሩ ዕቃ ግዢ፦
ጅቡስ?

ሰዓት ጠጋኙ ከፒያሳ፦
ለጅቡ እድሩ ሁለት ትልልቅ ባትሪ ገዝቶ ለለቅሶ ተመላሽ ያውስ። ለቁልፌ ግን ለጅብ የተሠራ ባትሪ አልፈልግም።

የማራኪ ተማሪ፦
በቻርጅ የሚሞላው ግን በፀሐይ ኃይልም ይሞላል። ቀጭኑ ድንጋይ ግን ሲያልቅ ፈሳሹ ወጥቶ ዕቃውን ይበላዋል፤ የአያቴን ሬዲዮ እንዲህ ነው ያጣነው።

ጥልፍ ሠሪዋ ከአራዳ፦
ጋሼ ዕቃ ግዢ፣ አክብሬ ልለምንዎት። ቅዳሜ ከመግዛትዎ በፊት ያንን 1000 ሉመን ይዘው ቤቴ ይምጡ። መስኮቱን እዘጋለሁ። ቀዩንና ቡናማውን ክር አንድ ላይ እዘረጋለሁ፣ መርፌም እሰጥዎታለሁ። ቀዩን ለይተው መርፌው ውስጥ ካስገቡልኝ ለገንዘቡ መጀመሪያ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ።

የእድሩ ዕቃ ግዢ፦
እመጣለሁ። መነጽሬንም ይዤ እመጣለሁ። ግን ብርሃን አይበዛም ያልሁትን አላነሣም።

የአባ ጃሌ ተክለ ሃይማኖት ምእመን፦
መሪጌታ፣ ያ ቅጠል የጠፋው በእውነት በጧፍ ነው? የቤት ሻማ እንዳይሆን። ንጹሕ ሰም እንደዚያ አያደርግም።

መሪጌታ ከአዘዞ፦
በጧፍ ነው። ጠብታው ከማን እጅ እንደወደቀም አውቃለሁ፤ ከእኔ።