የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የእንግሊዝኛ ውጤት አልነሳ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ መምህሩ (ሰሜን ሸዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንዲት ትንሽ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ 4ኛ ዓመቴ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል 3 ሴክሽን ይዣለሁ። በአንዱ ክፍል 64 ልጅ ተቀምጧል።

ባለፈው ሳምንት ሞዴል ፈተና ሰጠን። የክፍሉ አማካይ ከ100 34 ሆነ። ያንን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከመስከረም ጀምሮ ቴንሱን፣ ኮንዲሽናሉን፣ ፓሲቭ ቮይሱን፣ ሪፖርትድ ስፒቹን በደንብ አስተምሬያለሁ። ሕጉን ብትጠይቋቸው በቃላቸው ይሉታል። ፈተና ላይ ግን የለም። ምንባብ ሲያዩማ ጭራሽ ዘለውት ያልፋሉ።

ለዋናው ፈተና 4 ወር ቀርቶናል። መጽሐፍ ለ3 ልጅ አንድ ነው። ፎቶ ኮፒ እንደልብ አይገኝም። በእናንተ ክፍል ውስጥ በእውነት ለውጥ ያመጣ ነገር ካለ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጠመኔ

መምህር፣ አይዞህ። 27 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እኔም እዚያ ቦታ ነበርኩ።

በመጀመሪያ የሞዴሉን ወረቀት እንዳትጥለው። የአንዱን ሴክሽን መልስ ይዘህ ቁጭ በል። ሠንጠረዥ አስምር። ከላይ የጥያቄዎቹን ዓይነት ጻፍ፦ ምንባብ፣ ቃላት፣ ሰዋስው፣ የንግግር ማሟያ፣ የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገር ማስተካከል፣ አንቀጽ ማቀናጀት። ከዚያ በእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ልጅ እንደሳተ ቁጠር። ሌላ ነገር አትሥራ፤ ቁጠር ብቻ። አንድ ምሽት ይፈጃል።

እኔ መጀመሪያ ይህንን ሳደርግ ልጆቹ የወደቁት በሰዋስው መስሎኝ ነበር። ስቆጥር ግን ትልቁ ኪሳራ ምንባብና ቃላት ላይ ተገኘ። ሰዋስው ውስጥም ቢሆን ሁሉንም አልነበረም የሳቱት፤ 4 ወይም 5 ነጥቦች ብቻ ነበሩ የሚደጋገሙት። ዓመቱን ሙሉ የማያማቸውን ቦታ ሳክም ከርሜ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ጥያቄ ስትሠሩ “መልሱ ሲ ነው” ብለህ አትለፍ። ልጆቹን 4፣ 4 አድርገህ አስቀምጥ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ምርጫ ስጠው። ኤን የያዘው ኤ ለምን ትክክል እንደሆነ ወይም ለምን እንደማይሆን ያስረዳ። ቢን የያዘችውም እንዲሁ። በ40 ደቂቃ 10 ጥያቄ ብትሠሩ ይበቃል። ጀማሪ ሳለሁ በአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ጥያቄ አስሮጥ ነበር። ልጆቹ መልሱን ጻፉ እንጂ አልተማሩም።

መልስ፦ ፊዚክስ አስተማሪ (ሐዋሳ)

እንግሊዝኛ የእኔ ትምህርት አይደለም፤ ግን ጉዳዩ እኔንም ያቃጥለኛል። ልጁ ፊዚክሱን ያውቀዋል። ጥያቄው “ኤክሰፕት” ሲል ግን አያየውም። “ሊስት ላይክሊ” ሲል ግራ ይገባዋል። “አንለስ”፣ “ዌርአዝ”፣ “ኢንፈር”፣ “ሪስፔክቲቭሊ”፤ እነዚህ ቃላት በሁሉም ትምህርት ፈተና ውስጥ አሉ። አንድ ቃል ስላልገባው በፊዚክስም በባዮሎጂም በኢኮኖሚክስም ነጥብ ይጥላል።

እኛ ጋ ያደረግነው ቀላል ነው። መምህራን ተሰብስበን ጥያቄ ውስጥ የሚመላለሱ 60 ቃላት ለቀምን። እያንዳንዱ መምህር በክፍሉ መጀመሪያ 2 ደቂቃ ወስዶ አንድ ቃል ከራሱ ትምህርት በተወሰደ ዓረፍተ ነገር ያሳያል። ሸክሙን ብቻህን አትያዘው፤ ባልደረቦችህን ጥራቸው።

መልስ፦ መምህርት እናት (ደሴ)

ወንድሜ፣ ሕጉን በቃላቸው እያሉት ፈተና ላይ የሚጠፋባቸው ለምን ይመስልሃል? በአማርኛ አስበው በእንግሊዝኛ ስለሚመርጡ ነው። ስለዚህ ስህተቱ የሚነሳበት ቦታ ድረስ አብረሃቸው ውረድ። ከክፍሌ ልንገርህ።

“ምንም እንኳ ቢደክመውም ግን መጣ” እንላለን። አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል። ልጁ ይህንን ይዞ “ኦልዞው” ብሎ ይጀምርና መሃል ላይ “በት” ይጨምራል። ምርጫ ውስጥ “በት” ካየ ዓይኑ እዚያው ያርፋል። እንግሊዝኛው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው።

“እዚህ ከተማ ከ2 ዓመት ጀምሮ እኖራለሁ” እንላለን። ልጁ “ሲንስ ቱ ይርስ” ይላል፤ “ጀምሮ”ን መተርጎሙ ነው። እንግሊዝኛ ለቆይታው ርዝመት “ፎር”፣ ለመነሻው ጊዜ “ሲንስ” ይጠቀማል። ግሱም ላይ ወጥመድ አለ። አማርኛው “እኖራለሁ” ስለሚል ልጁ “አይ ሊቭ” ይመርጣል፤ ትክክሉ “አይ ሃቭ ሊቭድ” ነው።

“ስለ ጉዳዩ ተወያየን” ስለምንል “ዲስከስ” ላይ “አባውት” ይለጥፋሉ። “ከእሷ ጋር ተጋባ” ስለምንል “ሜሪድ” ላይ “ዊዝ” ያመጣሉ።

የንግግር ማሟያ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሁሌ ይጥላቸዋል። ምሳ ያልበላን ሰው “ምሳ አልበላህም እንዴ?” ብትለው በአማርኛ “አዎ፣ አልበላሁም” ይልሃል። በእንግሊዝኛ “ኖ፣ አይ ሃቭንት” ነው የሚባለው። ይህንን ሁለት ልጆች ፊት ወጥተው እንዲጫወቱት አድርግ። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ የሳቀበትን ደግሞ አይረሳውም።

ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝምም ያው ነው። እኛ ግሱን መጨረሻ ላይ እንጠብቃለን። “ትናንት ከገጠር የመጣው ልጅ” ስንል ገላጩ ከስሙ ይቀድማል። እንግሊዝኛው ስሙን አስቀድሞ ገላጩን ያስከትላል፤ ግሱም መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥማቸው መጀመሪያ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ማን? ምን አደረገ? እነዚህን ካሰመሩ በኋላ ቀሪው ይገለጥላቸዋል። የተዘበራረቀ ዓረፍተ ነገር ላይም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ግድግዳ ላይ “የእኛ ስህተቶች” የሚል ትልቅ ወረቀት ለጥፌያለሁ። በሳምንት 2 ብቻ እንጨምራለን። የሚያገኟቸው ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

መልስ፦ ከአዳማ

መምህርት ያለችው ልክ ነው። የእኔ ተማሪዎች አፍ መፍቻቸው አፋን ኦሮሞ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ “ማን? ምን አደረገ?” ለእነሱም ሠርቷል። የራሳቸውን የስህተት ዝርዝር ግን ለብቻው ነው ያወጣነው። እናንተም ከልጆቻችሁ አፍ ስሙ እንጂ ዝርዝሩን አትዋሱ።

መልስ፦ የ2016 ተፈታኝ

አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ ከወረዳ ትምህርት ቤት ነው የመጣሁት። በእንግሊዝኛ 71 አምጥቻለሁ። 11ኛ ክፍል እያለሁ ምንባብ ሳይ ራሴን ያመኝ ነበር፤ ስለዚህ ልጆቹ ለምን እንደሚዘሉት ይገባኛል።

መምህራችን ያስተማሩን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጥያቄዎቹን አንብብ፤ ምርጫዎቹን ተዋቸው። ከዚያ ምንባቡን አንድ ጊዜ ሳትቆም አንብብ። የማታውቀው ቃል ላይ አትተከል። ከዚያ ወደ ጥያቄው ተመለስና መልሱ ያለበትን መስመር በጣትህ አሳይ። “የትኛው መስመር ላይ ነው?” የሚል ጥያቄ ሁሌ ነበረባቸው። መስመሩን ያላሳየ መልሱ ትክክል ቢሆንም አያልፍም ነበር። በጊዜው ያናድደኝ ነበር፤ ፈተና ላይ ያወጣኝ ግን እሱ ነው።

“ኢት” ወይም “ዘይ” ማንን ያመለክታል የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ቃሉን አንስተህ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እዚያ ቦታ ተክተህ አንብብ። የቃል ትርጉም ሲጠይቁም እንደዚሁ። ትርጉም የሚሰጠው ይለያል።

ጊዜንም አለማምዳቸው። ድሮ በተሰጡት ወረቀቶች 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበር፤ ለአንድ ጥያቄ 1 ደቂቃ ማለት ነው። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ ሰዓት 60 ጥያቄ በ60 ደቂቃ እንሠራ ነበር። መጀመሪያ 35 ላይ ነው የቆምኩት።

ስለ ማጥቆርም አትርሳ። ጎበዝ ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ዘልሎ መልስ ወረቀቱ ላይ ግን ሳይዘል አጠቆረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ቁጥር ተዛነፈ። ያወቀው ሊሰበስቡ ሲሉ ነው። በየ10 ጥያቄው ቁጥሩን ከመልስ ወረቀቱ ጋር ማመሳከር ልማድ ይሁንላቸው።

መልስ፦ ወርክሺት

ይሄ ሁሉ ለ4 ወር ይረዝማል። ያለፉትን 10 ዓመታት ወረቀት ሰብስብና መልሱን አስሸምድዳቸው። ጥያቄ ይደጋገማል።

መልስ፦ ጠመኔ

ወንድሜ፣ አልስማማም። የቆየ ወረቀት ጥሩ ነው፤ እኔም የምሠራው በእሱ ነው። መሸምደዱ ግን ልጆቹን ይጎዳል። ፈተናው ከ2014 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኩረጃው ቀንሷል። ያኔ ዕውቀታችን ታየ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ያሉት የእኛ ልጆች ናቸው። “መልሱ ቢ ነው” ብሎ የሸመደደ ልጅ ምንባቡ ሲቀየር ባዶ እጁን ይቀራል።

ከቆየ ወረቀት ይልቅ የቆየ ትምህርት ይደጋገም። እኔ ክፍል ስገባ መጀመሪያ 5 ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። 2ቱ ከትናንት፣ 2ቱ ካለፈው ሳምንት፣ 1ዱ ካለፈው ወር። ደብተር ሳይገልጡ ይሠሩታል። 6 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከትውስታ ማውጣት ደጋግሞ ከማንበብ ይበልጣል። በየጊዜው ተመልሰው ካልመጡበት ደግሞ መስከረም ላይ የተማሩት ሰኔ ላይ አይገኝም።

የጠያቂው ምላሽ፦ መምህሩ (ሰሜን ሸዋ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቆጠርኩ። ጠመኔ እንዳሉት ነው፤ ከፍተኛው ኪሳራ ምንባብ፣ ቀጥሎ ቃላት። ሰዋስው ላይ “ሲንስ” እና “ኦልዞው” እዚያው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ምንባቡን በምን አባዝቼ ለ64 ልጅ ላድርስ? ደግሞ ከ20 በታች ያመጡ 11 ልጆች አሉ። ከኋላ ተቀምጠው ዝም ይላሉ።

መልስ፦ መምህርት እናት (ደሴ)

ምንባብ ሩቅ አትፈልግ። የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። አንድ ገጽ ምረጥ፤ 5 ጥያቄ አንተ አውጣ፤ ሰሌዳ ላይ ጻፈው። መጽሐፍ ለ3 አንድ ከሆነ ለ3 ሆነው ያንብቡ። በአንድ ጥይት ሁለት ትምህርት ያጠናሉ። ቃላቱንም ከዚያው ያውጡ፤ በቀን 5 ይበቃል፤ እያንዳንዱን በራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። “ፕሮዲዩስ” ሲያገኙ “ፕሮዳክሽን”፣ “ፕሮዳክቲቭ”፣ “ፕሮዲዩሰር” አብረው ይመዝገቡ። ቤተሰቡን ያወቀ ልጅ አዲስ ቃል ሲያይ አይደነግጥም።

ሚኒ ሚዲያ ካላችሁ በእረፍት ሰዓት አንድ አጭር ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይነበብ። መጨረሻ ላይ 2 ጥያቄ። መልሱን በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ተቀበላቸው። ወረቀት አይፈልግም።

መልስ፦ ጠመኔ

ስለ 11ዱ ልጆች። የ12ኛ ክፍል ምንባብ አሁን አትስጣቸው፤ ይሰበራሉ። የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተዋስና ከእሱ አስጀምራቸው። የሌሎቹ ፊት ግን አታድርገው፤ ያፍራሉ። በማጠናከሪያ ሰዓት፣ በሳምንት 2 ቀን፣ 30 ደቂቃ። እያንዳንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ አንቀጽ ያንብብልህ። ያኔ የምታየው ነገር ሊያስደነግጥህ ይችላል። አንዳንዱ ትርጉሙ ቀርቶ ቃሉን ማንበብ ራሱ ይከብደዋል፤ ዝም የሚለውም ለዚህ ነው። አትቆጣው። ሲሳሳት ቃሉን ንገረውና ቀጥል በለው።

አንድ ደብተር ያዝና በየሳምንቱ በ1 ደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበበ ጻፍለት። ውጤቱን ከጓደኛው ጋር አታወዳድረው፤ ካለፈው ሳምንቱ ጋር ብቻ።

የጠያቂው ምላሽ፦ መምህሩ (ሰሜን ሸዋ)

እሺ ጋሼ። የ7ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከጎረቤት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 6 ቅጂ ተውሻለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት እንጀምራለን። የባዮሎጂ መምህሯን አናግሬያት ስለ ፎቶሲንተሲስ የሚያወራውን ገጽ መርጣልኛለች። ሁለተኛውን ሞዴል ከ6 ሳምንት በኋላ እንሰጣለን፤ ሠንጠረዡን ይዤ እዚሁ እመለሳለሁ።