ሰኞ ባንክ አፓረንት (የተግባር ልምምድ) ልጀምር ነው፤ ከአሁኑ ሆዴን ባር ባር ይለኛል

ተለማማጇ (ዓርብ ማታ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ይዤ ዞሬ ዞሬ መርካቶ አካባቢ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ተቀበለኝ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ግን እንቅልፍ የለም፣ ምግብም አልበላ ብሎኛል። በግሬዴ አልታማም፤ ዛሬ ግን ዴቢትና ክሬዲት ራሱ ተምታታብኝ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሰው ፊት ብር መቁጠር ነው። ሰው ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባጎድልስ? ከየት አምጥቼ ነው የምከፍለው? ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ።

አራዳው፦ ኧረ አታካብጂ! ሁለት ወር ቡና እያመጣሽ ነው የምትጨርሽው።

ካሸሯ፦ ማካበድ አይደለም፣ እኔም ሆኖብኛል። መስኮት ላይ ከተቀመጥኩ ስድስት ዓመቴ ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ ትልቁን ጭንቀትሽን ላቅልልሽ። የብር ሳጥኑን ለአንቺ አይሰጡሽም። ካሽ የሚረከበው በራሱ ስም ሲስተም ውስጥ የሚገባ ሠራተኛ ነው። ማታ ሲዘጋ ጉድለት ከተገኘ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ታዲያ ለተለማማጅ ሳጥን ትቶ ምሳ የሚሄድ ካሸር የት አለ? አንቺ ብትቆጥሪም በኋላ በማሽን የሚደገመውን ነው።

አሁን ስለ እጅሽ። ቅዳሜና እሑድ ቤት ተለማመጂ። አንድ እስር መቶ ፍሬ ነው፤ ባለ 200 ከሆነ 20,000 ብር። ያን ያህል ብር ቤት ውስጥ ማን አለው? ወረቀት በብር ልክ ቁረጪ። ጣትሽን በምራቅ አታርጥቢ፣ እዚያ እርጥብ ስፖንጅ አለ። ወንድምሽን ወይ ጓደኛሽን ፊት ለፊት አስቀምጪና እያወራሽ ቁጠሪ። መሀል ላይ ከጠፋብሽ አትገምቺ፤ ሳታፍሪ ከአንድ ጀምሪ። ደንበኛው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። እኔ ዛሬም ከአንድ እጀምራለሁ።

ቫውቸር ሰብሳቢ፦ እኔን ያላበኝ ብር ሳይሆን ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። አንድ ኦዲት ድርጅት በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቦክስ ፋይል ቫውቸር (የክፍያ ሰነድ) ኮፒ አድርግ ተባልኩ። ኮፒውን አሳመርኩት። ኦሪጅናሉን ግን እንደመጣልኝ መለስኩት፣ ቁጥሩ ተዘበራረቀ። እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ወለል ላይ ተቀምጬ በቁጥር ስደረድር ዋልኩ። ጥያቄ መጠየቅ አፍሬ እኮ ነው! «በቁጥር ነው የሚመለሰው?» ብል ያለቀ ነገር ነበር። ትንሽ ደብተር ያዢ። የነገሩሽን ጻፊ፣ አንዱን ነገር ሁለቴ እንዳትጠይቂ። የመጀመሪያው ሳምንት ፋይልና የአካውንት መክፈቻ ፎርም ነው።

ሌላ ተማሪ፦ ጥያቄ ላይ ጥያቄ ልጨምር? እኔ የምገባው ኮንስትራክሽን ድርጅት ፋይናንስ ክፍል ነው። ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር በስም እንጂ በዓይኔ አላውቀውም።

ቫውቸር ሰብሳቢ፦ እሱን እዚያው ያሳዩሃል። ይልቅ ፔሮል፣ የደመወዝ ሒሳብ ማለት ነው፣ ሊሰጡህ ይችላሉ። የግብር ሠንጠረዡን ከድሮ ሞጁል እንዳትሸመድድ፤ በ2017 ተሻሽሏል። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ 600 ብር የነበረው 2,000 ብር ሆኗል። የግል ድርጅት ጡረታ ያው ነው፣ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። ኤክሴል ላይ የአሥር ሰው ፔሮል ራስህ ሠርተህ ሂድ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጄ፣ ነገ ቅዳሜ ሄደሽ ቦታውን እይው። ታክሲው የት እንደሚያወርድሽ፣ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ እወቂ። ሰኞ ጠዋት የመርካቶን ግፊያ እየተጋፋሽ በር ከፈለግሽ እዚያው ታለቅሻለሽ። አዲስ ጫማ አታድርጊ። በባዶ ሆድ ቡና አትጠጪ፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ቂጣም ቢሆን ቅመሽ። በሩ ላይ ስትደርሺ በአፍንጫሽ ሳቢና ቀስ ብለሽ አስወጪው፣ ሲወጣ ይርዘም፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ከጀመርሽ በኋላም እንቅልፉ እምቢ ካለሽ ግን ዝም አትበይ፣ ሐኪም አማክሪ።

ተለማማጇ (ሰኞ ማታ)፦ መጣሁ! ቅዳሜ በሩን አይቼው ስለነበር ቀድሜ ደረስኩ። ጠዋት ፎርም ሳደራጅ ዋልኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት አንዷ ካሸር ያረጁ ባለ አሥር ብር ኖቶች አምጥታ «እስቲ እሰሪልኝ» አለችኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ስልሳ አራት ላይ ጠፋብኝ፣ ከአንድ ጀመርኩ። ቀና ስል እሷም ቁጥር ጠፍቶባት እንደገና ጀምራለች። ተያይተን ሳቅን። ስፖንጁ ደርቆ ነበር፣ ነገ ጠዋት ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ።