ዶቭቴል እየጠበቀ ሄዶ የመሳቢያዬን ፊት ሰነጠቀው፤ ጥፋቱ የት ነው?

አናጺው ከሐዋሳ

ሰላም ባለሙያዎች። ለደንበኛ ሁለት ኮመዲኖ እየሠራሁ ነው፤ ስድስት መሳቢያ አላቸው። ፊታቸው ባለ 20 ሚሊ ዋንዛ፣ ጎናቸው ባለ 12 ሚሊ ዋንዛ ነው። እስከ ዛሬ መሳቢያ የማያይዘው በኮላና በሚስማር ነበር። ዘንድሮ እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ የዶቭቴል ጂግ (ራውተር የሚባለውን የእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን የሚመራ ፎርማ) ይዛልኝ መጣች። የእርግብ ጅራት የሚመስለውን፣ ከፊት ለፊት የማይታየውን መጋጠሚያ የሚያወጣው ነው። ቢቱም (ራውተሩ ላይ የሚታሰረው ስለት) አብሮት የመጣ ነው፤ ግማሽ ኢንች፣ 14 ዲግሪ።

የመጀመሪያው መሳቢያ በእጅ ግፊት ብቻ ገባ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሁለተኛው በመዶሻ መታ መታ ሲደረግ ገባ። ሦስተኛው ላይ ግን ጎኑን ስመታው ፊቱ ከጥጉ ተሰነጠቀ። በመሀል ጂጉንም ራውተሩንም አልነካሁም። እንጨቱ ነው ወይስ አሠራሬ? የዋንዛን ዋጋ ታውቁታላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ባለ ራውተሩ

የቢቱን ጥልቀት ቀንስ። ሲጠብቅ ጥልቀት ይቀነሳል፣ ሲላላ ይጨመራል። የዶቭቴል ቢት ከታች ሰፊ፣ ከላይ ቀጭን ነው። በጠለቀ ቁጥር እሱ የሚያወጣውን ቦይ አፍ የሚቆርጠው ቀጭኑ ቦታ ይሆናል። አፉ ይጠባል፣ በመሀል የሚቀረው እንጨት ደግሞ ይወፍራል። ሩብ ሚሊ ብቻ ቀንሰህ ቁርጥራጭ ላይ ሞክረው።

የእንጨት ልጅ

የተባለው ልክ ነው፣ ግን ወንድሜ ትንሽ ቆይ። የመጀመሪያው በደንብ ከገባ አሰላለፍህ ትክክል ነበር። ሳትነካው ከተለወጠ የተንሸራተተ ነገር አለ ማለት ነው። ካሊብሮ ካለህ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን መሳቢያ ቦይ ጥልቀት ለካ። የራውተርህ ኮሌት (ቢቱን ጨብጦ የሚይዘው አፍ) ስንት ሚሊ ነው? እዚያ ውስጥ የሚገባው የቢቱ እግርስ?

አናጺው ከሐዋሳ

ለካሁት። የመጀመሪያው 10.2፣ ሦስተኛው 11 ሚሊ ነው። ራውተሩን የገዛሁት እዚሁ ነው፣ ኮሌቱ 8 ሚሊ። የቢቱ እግር ሩብ ኢንች ስለሆነ ቶርኖ ቤት ቡሽ (ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት) አሠርቼ በመሀል አስገባሁበት። ጥብቅ ብሎ ነው የገባው። አሁን ፈትቼ ሳየው የቢቱ እግር ላይ ከላይ ወደ ታች የተፋቀ መስመር አለ።

የእንጨት ልጅ

ችግሩ ቡሹ ነው። ጎኑ ላይ የተሰነጠቀ ነው ወይስ ሙሉ ቀለበት? ሙሉ ከሆነ ኮሌቱ የቱንም ያህል ቢጠብቅ የሚጨብጠው ቡሹን እንጂ ቢቱን አይደለም። ስለዚህ ቢቱ በንዝረት ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ወጥቷል፣ 0.8 ሚሊ ያህል። መጋጠሚያህ የጠበቀው በዚህ ነው።

ወንድሜ፣ በዚህ ቡሽ ሁለተኛ እንዳትቆርጥ። በደቂቃ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር ስለት ተፈናጥሮ ቢወጣ የሚመጣው ወዳንተ ነው። ወይ እግሩ 8 ሚሊ የሆነ፣ 12.7 ሚሊ ባለ 14 ዲግሪ ቢት ግዛ፤ ወይ ለራውተርህ የተሠራ የሩብ ኢንች ኮሌት ፈልግ። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ነው። ባለ 6 ሚሊ ኮሌት አይቀበለውም።

ስታስር ቢቱን እስከ ታች አትድፈነው፤ ሁለት ሦስት ሚሊ መልሰህ ሳበውና እሰር። ኮሌቱ አፍ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። ምልክቱ ከራቀ ቢቱ እየተንሸራተተ ነው። መፍቻ ከመያዝህ በፊት ግን ሶኬቱን ንቀል።

ጋሽ መላጊያ

ልጄ፣ እኔ በመጋዝና በመሮ ነው ያደግሁት። በመጨረሻ ዕድሜዬ ነው ጂግ የያዝኩት፣ ወድጄዋለሁም። ሁለት ነገር ልንገርህ። ሁለቱንም እንጨት ስታስር የመሳቢያው የውስጥ ገጽ ወደ ውጭ ይሁን፤ ፊቱ ተኝቶ፣ ጎኑ ቆሞ። ሲታይ ግልብጥ ይመስላል፣ ግን ትክክሉ እሱ ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ እንጨት ያበላሻሉ። ሁለተኛ፣ የቆመውን እንጨት መጀመሪያ ከቀኝ ወደ ግራ በስሱ ጫር አድርገው። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ እየገባህ ቁረጥ። እንዲህ ከሆነ ጠርዙ አይፈነጋገልም። ስትጨርስም ሞተሩ ሳይቆም ራውተሩን ወደ ላይ እንዳታነሳ፤ ፎርማውንም ሥራህንም ይበላዋል።

የተሰነጠቀውን አትጣለው። በቀጭን ቢላ ኮላ አስገባበትና በሞርሴቶ አስረህ አሳድረው።

አናጺው ከሐዋሳ

ቡሹ ሙሉ ቀለበት ነበር። እግሩ 8 ሚሊ የሆነ ቢት ከመርካቶ አስላክሁ። እንደተባልኩት ምልክት አደረግሁበትና መጀመሪያ ቁርጥራጭ ላይ፣ ከዚያ የቀሩት ላይ ቆረጥሁ። ምልክቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጥልቀቱ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው 10.2 ነው፣ ሁሉም በመዳፌ ግፊት ገቡ። ጋሼ፣ የተሰነጠቀው ፊት ኮላውን ይዞ አድሯል፣ ግን ለደንበኛው አልሰጠውም። ለራሴ የዕቃ ሳጥን አደርገውና ለደንበኛው ሌላ ፊት ነገ እቆርጣለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።